ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ፦ ጸጥ ባለ የካይሮ መንገድ ቤት መግዛትና መኖር

በካይሮ ሜትሮ የመጀመሪያ መስመር ተሳፍሮ በማር ጊርጊስ ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ ፊት ለፊቱ የሚያየው የሮማውያንን የባቢሎን ምሽግ ቅሪት ነው። ከዚያ ጥቂት ተራምዶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ከዛሬው ጎዳና ወለል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ጠባብ መተላለፊያ ሲገባ የመኪናው ጥሩምባም የሻጩም ጥሪ ከጆሮው ይርቃል። ግራና ቀኙ የድንጋይ ግድግዳ ነው። በሮቹ ዝቅ ያሉ፣ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው። ይህ በዐረብኛ ምስር አልቃዲማ፣ በጎብኚዎች ዘንድ ደግሞ ኦልድ ካይሮ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስፍራው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በምሽጉ በር ላይ በታነጸችው፣ ተንጠልጣይዋ በምትባለው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመ ጸሎት ቤት አለ። ከዚህ በስተሰሜን፣ በታላቁ የአልአዝሃር መስጊድ፣ ከሐበሻ ምድር የመጡ የእስልምና ተማሪዎች ለዘመናት ያደሩበትና የተማሩበት የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበር። የታወቀው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲም የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያው ወገን ነው። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በካይሮ ማደሪያ መፈለግ እንግዲህ የትናንት ወሬ አይደለም።

አላፊ አግዳሚው የመተላለፊያውን ጸጥታ አድንቆ ይሄዳል። ቤት ገዝቶ ሊኖርበት የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ነገር መጠየቅ አለበት። ይህ ጸጥታ የማን ነው? ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጣል ወይ? ነገ ከጎን ያለው ቤት ፈርሶ በስፍራው አሥር ፎቅ ቢቆም፣ ከታች ያለው መኖሪያ ወደ ቡና ቤት ቢለወጥ፣ አቤቱታው ለማን ይቀርባል? ለአብዛኛው ቤተሰብ ቤት መግዛት በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚደረግ፣ የብዙ ዓመታት ቁጠባ የሚፈስበት ጉዳይ ነው። ስህተቱን ለማረም ሁለተኛ ዕድሜ አይገኝም።

ግብፃውያን “አልጃር ቀብለ አድዳር” ይላሉ፤ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን ማለታቸው ነው። አማርኛውም “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ይላል። ሁለቱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሲመረመሩ ከመልካም ምክር ያለፈ ነገር ይዘዋል። ጸጥታ ከግድግዳው ጋር ተመዝኖ የሚሸጥ ዕቃ አይደለምና። በሕግ፣ በሰነድና በጎረቤት መብት የሚጠበቅ ነገር ነው። እነዚህን ሳይመረምር የፈረመ ገዢ የሙሉ ቤት ዋጋ ከፍሎ የግማሽ ቤት ባለቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የኻሪጃ ሰገነት

ዐምር ኢብን አልዓስ የፉስጣጥን ከተማ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ641 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከተማይቱ ዛሬ ኦልድ ካይሮ በምንለው አካባቢ፣ በባቢሎን ምሽግ አጠገብ ተቆረቆረች። ለየነገዱም የሚሰፍርበት ቦታ ተለክቶ ተሰጠው። የመጀመሪያው የጎረቤት ክርክር የመጣው ግን ገና ከተማይቱ በቅጡ ሳትቆም ነበር።

የ9ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ዐብደልሐከም እንደሚተርከው፣ በፉስጣጥ የመጀመሪያውን ሰገነት የሠሩት ኻሪጃ ኢብን ሑዛፋ የተባሉ ሹም ናቸው። ወሬው መዲና ሲደርስ ኸሊፋው ዑመር ኢብን አልኸጣብ ለዐምር ደብዳቤ ጻፉ። ያሳሰባቸው የሕንፃው ቁመት አልነበረም፤ ከሰገነቱ ላይ የጎረቤት ገመና መታየቱ ነበር። ስለዚህ ሰገነቱ እንዲፈርስ አዘዙ። ሹም መሆን፣ መሬቱ የራስ መሆኑም፣ የጎረቤትን ግቢ ቁልቁል ለማየት ፈቃድ እንደማይሆን በዚህ ታወቀ።

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህንኑ መንገድ አስፍተው ሄዱበት። ከእነርሱ ብያኔዎች ውስጥ ለዛሬው ርእሳችን ቅርብ የሆነው መውጫ የሌለውን መተላለፊያ የሚመለከተው ነው። ከሁለቱም ወገን የሚያሳልፍ ጎዳና የሕዝብ ነው። መጨረሻው የተዘጋ መተላለፊያ ግን በሮቻቸው ወደ እርሱ የሚከፈቱ ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለሆነም ከነዋሪዎቹ አንዱ የሌሎቹን ፈቃድ ሳያገኝ አዲስ በር መክፈት ወይም መንገዱን የሚያጠብ ነገር መሥራት አይገባውም። የድሮ ካይሮ ሰፈሮች በየመግቢያቸው ማታ ማታ የሚዘጋ መዝጊያ ነበራቸው። በ1798 የገባው የፈረንሳይ ጦር እነዚህን መዝጊያዎች ማስነቀሉን አልጀበርቲ በታሪኩ መዝግቦታል።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ሆኖ የቀረ እንዳይመስለን። በዐብዱረዛቅ አስሰንሁሪ መሪነት የተረቀቀውና ከጥቅምት 1949 ጀምሮ የሚሠራበት የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 819 ማንም ሰው ከጎረቤቱ ወሰን ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ፊት ለፊት የሚያሳይ መስኮት እንዳይኖረው ይከለክላል። አንቀጽ 807 ደግሞ ባለንብረት በመብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እስከሚጎዳ ድረስ ከልክ እንዳያልፍ ያዛል። በጎረቤቶች መካከል የተለመደውንና የማይቀረውን ጥቂት ረብሻ ሕጉ ያልፈዋል፤ ከተለመደው ያለፈውን ግን እንዲወገድ መጠየቅ ይቻላል። የሚመዘነውም በአካባቢው ልማድ፣ በንብረቱ ዓይነትና በተመደበለት አገልግሎት ነው። ጸጥ ባለ የመኖሪያ መንገድ ላይ የተከፈተ ወርክሾፕና በገበያ መካከል የተከፈተ ወርክሾፕ በዚህ ሚዛን እኩል አይደሉም።

ሃያ አራት ቂራጥ

በምሽጉ ክልል ውስጥ በሚገኘው በቤን ዕዝራ ምኩራብ ጎተራ ውስጥ ለዘመናት ተከማችተው የተገኙት ወረቀቶች ጌኒዛ በሚል ስም ይታወቃሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አብዛኞቹ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተወስደዋል፤ እዚያ ያሉት ብቻ ከ190,000 በላይ ናቸው። ከጸሎትና ከንግድ ደብዳቤዎች ጋር የቤት ሽያጭ፣ የኪራይና የስጦታ ውሎች ተገኝተውበታል። ሊቁ ሽሎሞ ጎይታይን እነዚህን ወረቀቶች ለብዙ ዓመታት ሲመረምር ኖሮ፣ ከ900 ዓመታት በፊት የፉስጣጥ ሰው ቤት እንዴት ይገዛ እንደነበር አሳይቶናል።

በእነዚያ ውሎች ቤት በ24 ድርሻ ይከፈላል። አንዱ ስድስት ድርሻ ይሸጣል፤ ሌላው አራቱን ለልጁ ጥሎሽ ይሰጣል፤ ሦስተኛው በሁለት ድርሻው እየኖረ ለቀሪው ኪራይ ይከፍላል። የቤቱ ወሰን የሚነገረውም በአራቱ አቅጣጫ ባሉት ጎረቤቶች ስም ነው፤ በስተደቡብ የእገሌ ቤት፣ በስተሰሜን የእገሌ፣ በስተምሥራቅ መንገዱ እየተባለ ይዘረዘራል። ጎረቤቱ ካልተጠራ ቤቱ የት እንዳለ አይታወቅም ነበር ማለት ነው።

ፉስጣጥ በዚያ ዘመን የተጨናነቀች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1047 ወደ ግብፅ የመጣው ፋርሳዊው መንገደኛ ናስር ኹስረው ከተማይቱ ከሩቅ ስትታይ ተራራ እንደምትመስል፣ አሥራ አራት ፎቅ የሚደርሱ ቤቶችም እንዳሏት ጽፏል። ሰባት ፎቅ ባለው ቤት ጣሪያ ላይ አትክልት የተከለ ሰው፣ ጥጃ ሳለ አውጥቶ ያሳደገው በሬ ውኃ እንደሚስብለት መስማቱንም ይነግረናል። ስለ ኪራይ ያስቀመጠው ትዝብት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የዛሬን ሰው ያስፈግጋል። በወር 15 ዲናር የሚከራይ ባለ አራት ፎቅ ቤት ሦስቱ ፎቆች ተይዘው ነበር። ተከራዩ አምስት ዲናር ጨምሮ የላይኛውንም ለመያዝ ፈለገ። ባለቤቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ልመጣበት እችላለሁ ብሎ ከለከለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ አልመጣም። ተዘግቶ የሚኖር ቤት የካይሮ የቆየ ችግር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የ24ቱ ድርሻ አቆጣጠር ቂራጥ ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የግብፅ ፈዳን 24 ቂራጥ ነው፤ የውርስ ድርሻም በቂራጥ ይነገራል። ይህ ለቤት ገዢ ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ በሸሪዓው የውርስ ደንብ ለሚስቲቱ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 3 ቂራጥ ይደርሳታል። ከቀሪው 21 ቂራጥ ወንዱ 14፣ ሴቷ 7 ይወስዳሉ። የቤቱን ቁልፍ የያዘው፣ ለደላላው የሚያሳየው፣ ዋጋ የሚደራደረው ወንድ ልጁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከእርሱ ብቻ ተዋውሎ ገንዘቡን የቆጠረ ገዢ ግን የገዛው 14 ቂራጥ ነው። አሥሩ ቂራጥ ገና የእናቲቱና የእኅቲቱ ነው። እነርሱ ዝም ያሉት ስለተስማሙ ይሁን ስላልሰሙ፣ ገዢው የሚያውቀው ሲጠይቃቸው ነው።

ጎረቤትም በሽያጩ ላይ ቃል አለው። ሹፍዓ የሚባለው የቀዳሚነት መብት በሐነፊ መዝሀብ ለአዋሳኝ ጎረቤት ጭምር የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሦስቱ መዝሀቦች ለንብረቱ ተጋሪ ብቻ ይሰጡታል። የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 935 ጀምሮ ይህን መብት ደንግጎታል፤ በተወሰኑ ሁኔታዎችም አዋሳኙን ጎረቤት ይጨምራል። መብቱን ሊጠቀም የሚሻ ሰው ሽያጩ በሕጋዊ መንገድ ከተነገረው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ፍላጎቱን ማሳወቅ አለበት። ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር እንግዲህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ኋላ ከሚነሣ ክርክር መዳኛም ነው።

ወደ ደቡብ አራት ጣቢያ

ከማር ጊርጊስ ተነሥቶ በዚያው የሜትሮ መስመር አራት ጣቢያ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ማዓዲ ይደርሳል። በድሮዎቹ መተላለፊያዎች ጸጥታን የጠበቀው የነዋሪዎች የጋራ ባለቤትነት ነበር። በማዓዲ ግን የጠበቀው የግዢ ውል ነው።

የማዓዲ የመኖሪያ ሰፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ ወደ ሕልዋን የሚወስደውን የባቡር መስመር ተከትሎ የዴልታ የመሬትና ኢንቨስትመንት ኩባንያ ቦታውን እየሸነሸነ ይሸጥ ነበር። መንገዶቹን የነደፈው ካናዳዊው ካፒቴን አሌክሳንደር አዳምስ ነው። መንገዶቹ በስም ምትክ ቁጥር ተሰጣቸው፤ መንገድ ቁጥር 9 ዛሬም በዚሁ ስሙ የሰፈሩ ዋና የገበያ መንገድ ነው። ቦታ የገዛ ሰው ከኩባንያው ጋር ሲዋዋል ከቦታው ምን ያህሉን ብቻ እንደሚሠራበት፣ ሕንፃው ከምን ቁመት እንደማያልፍ፣ ቀሪውም አትክልት እንደሚሆን ይስማማ ነበር። ጥላው የሰፋ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ አጥር፣ ከመንገድ ገባ ብሎ የተሠራ ቪላ፣ ዛሬ የማዓዲ ውበት የምንላቸው ሁሉ የእነዚያ የውል ቃላት ፍሬዎች ናቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው በመንግሥት ተወረሰ፤ ውሉን የሚያስከብር ባለጉዳይም አልቀረም። ከ1970ዎቹ የኢኮኖሚ መከፈት በኋላ የመሬት ዋጋ ሲንር፣ ከአንድ ቪላ ይልቅ ብዙ አፓርታማ ያለው ሕንፃ የሚያተርፍ ሆነ። አንድ ቪላ ፈርሶ በቦታው ረጅም ሕንፃ ሲቆም የጎረቤቱ ግቢ ፀሐይ ያጣል። ጎረቤቱም ግላዊነቱን ካጣ ወዲያ መሸጥን ይመርጣል። በዚህ መንገድ ጸጥታ ራሱ ገዢን ይስባል፤ የተሳበው ገዢ ብዛትም ጸጥታውን ይበላዋል።

ይህን ለመግታት ሕግ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ቁጥር 144 ልዩ የሥነ ሕንፃ ዋጋ ያላቸው ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ ይከለክላል። የ2008ቱ የሕንፃ ሕግ ቁጥር 119 ደግሞ የግንባታ ፈቃድን፣ ቁመትንና የነዋሪዎች ማኅበርን ደንግጓል። በማዓዲም የዛፍ ወዳጆች ማኅበር ለአሥርተ ዓመታት ለሰፈሩ ዛፎች ሲከራከር ቆይቷል። ነገር ግን ሕጉ በወረቀት መኖሩና በአንድ መንገድ ላይ መከበሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የልዩነቱን መጠን የሚወስነው በመንገዱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ንቃት ነው።

ኦልድ ካይሮ ራሱም እየተለወጠ ነው። ብሔራዊው የግብፅ ሥልጣኔ ሙዚየም በ2021 የነገሥታቱን አስከሬኖች ተቀብሎ በሙሉ ከተከፈተ ወዲህ፣ የዐይን አስሲራ ሐይቅ ዳርቻና የፉስጣጥ ኮረብታዎች ወደ መናፈሻነት ሲለወጡ ታይቷል። በዚሁ አስተዳደር ሥር ባለችው በሮዳ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የዓባይ ውኃ መለኪያ በሚገኝባት፣ በመንየል ውስጠኛ መንገዶች ዛሬም ጸጥታ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ቤት ያፈላልጋሉ። በተለይ ባሕሪ፣ ማለትም ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ አፓርታማ ይወደዳል። በካይሮ በጋ ነፋሻው አየር የሚመጣው ከሰሜን ነውና ባለቤቱም ባሕሪ መሆኑን ከዋጋው በፊት ይናገራል።

በኪራይ የሚኖሩት

በእነዚህ የቆዩ መንገዶች ላይ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነዋሪ ማግኘት የተለመደ ነው። አንዱ ባለቤት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ቁጥር 4 መሠረት በነጻ ድርድር የተከራየ ነው፤ በካይሮ ቤት የሚከራዩ ኢትዮጵያውያንም የሚዋዋሉት በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው አሮጌው ኪራይ በሚባለው፣ በ1977ቱ ሕግ ቁጥር 49 እና በ1981ዱ ሕግ ቁጥር 136 ጥበቃ የሚኖር ነው። በዚህ በሦስተኛው ውል ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቷል፤ ውሉም ለወራሽ ይተላለፍ ነበር።

የግብፅ ከፍተኛው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ኅዳር 2024 ላይ የ1981ዱ ሕግ ዓመታዊ ኪራይን ባለበት እንዲቆም ማድረጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም ሲል ፈረደ። ያንን ተከትሎ የወጣው ሕግ ቁጥር 164 ነሐሴ 2025 ላይ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት የመኖሪያ ቤት አሮጌ ውሎች በሰባት ዓመት፣ የግለሰቦች የንግድ ቦታ ውሎች በአምስት ዓመት ያበቃሉ። አካባቢዎች በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ከፍተኛ በተባለው ኪራዩ 20 እጥፍ ሆኖ ከ1,000 ፓውንድ አያንስም። በመካከለኛውና በዝቅተኛው 10 እጥፍ ሆኖ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከ400 እና ከ250 ፓውንድ አያንስም። ከዚያም በየዓመቱ 15 በመቶ ይጨምራል። ለተከራዮች መንግሥት ከሚያቀርበው አማራጭ መኖሪያ እንዲያመለክቱ መንገድ ተከፍቶላቸዋል።

ቁጥሩን መናገር ቀላል ነው፤ በአንዲት ደረጃ ላይ የሚገናኙትን ሁለት ሰዎች ማሰብ ግን ይከብዳል። በአንድ ወገን ሙሽራ ሆነው የገቡበትን ቤት በሰባ ዓመታቸው ስለ መልቀቅ የሚያስቡ እናት አሉ። በጡረታቸው ሌላ ቤት አይከራዩም፤ የሚያውቃቸው ሐኪምም፣ ሸቀጥ በዱቤ የሚሰጣቸው ባለሱቅም በዚያው መንገድ ላይ ነው። በሌላው ወገን የአባቱን ሕንፃ የወረሰ፣ የሚሰበስበው የወር ኪራይ ለደረጃው መብራት እንኳ የማይበቃው፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚያድስበት ያጣ ባለቤት አለ። ሁለቱም የሚያቀርቡት ምክንያት እውነት ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ ይህን ያህል ዘመን የፈጀው።

ለገዢው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአሮጌ ኪራይ የተያዘ አፓርታማ በርካሽ ይቀርብለታል፤ የሚገዛው ግን እስከ 2032 ሊቆይ ከሚችል ነዋሪ ጋር ነው። ተከራዩ ቤቱን ያለ በቂ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶ ከተወው፣ ወይም ለዚያው ዓላማ የሚውል ሌላ ቤት ካለው፣ ሕጉ ባለቤቱ ቤቱን እንዲያስለቅቅ ይፈቅዳል። ይህ ግን በፍርድ ቤት የሚረጋገጥ እንጂ በደላላ ቃል የሚታመን አይደለም።

ከፊርማ በፊት

በግብፅ ቤት የመግዛት ትልቁ ወጥመድ ሰነዱ ነው። ከ1947 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት የ1946ቱ የምዝገባ ሕግ ቁጥር 114 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በምዝገባ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ብዙ ቤቶች የሚሸጡት የመጀመሪያ ውል በሚባል፣ ባልተመዘገበ የሁለት ወገን ስምምነት ነው። ይህ ውል በሻጩና በገዢው መካከል ግዴታ ይፈጥራል፤ ባለቤትነትን ግን አያስተላልፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት የፍርድ ቤት ክሶች መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቅ ነው። የፊርማ ትክክለኛነት የሚባለው ክስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የሚያረጋግጠውም ፊርማው የሻጩ መሆኑን ብቻ ነው። ሻጩ ባለቤት ነው ወይ የሚለውን አይመረምርም። የውል ትክክለኛነትና ተፈጻሚነት የሚባለው ግን የሻጩን ባለቤትነት የሚመረምር፣ ክሱና ፍርዱ ሊመዘገቡ የሚችሉበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ፍርድ ተደስቶ ቤቱ የእኔ ሆነ ብሎ የሚያስብ ገዢ ከፊርማ ማረጋገጫ በቀር የያዘው ነገር የለም።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ግልጽ ነው። ሸህር ዐቃሪ በሚባለው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ንብረቱ በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ማጣራት ያስፈልጋል። የመጨረሻው የተመዘገበ ባለቤት ከዛሬው ሻጭ ጋር የሚገናኝበት የውል ሰንሰለት ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። ንብረቱ የውርስ ከሆነ የወራሾች ማረጋገጫ ቀርቦ ሁሉም ወራሾች መፈረም አለባቸው። የሕንፃውን የግንባታ ፈቃድ ከሰፈሩ አስተዳደር ጋር አመሳክሮ የሚሸጠው ፎቅ በፈቃዱ ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል። ከፈቃድ በላይ የተሠራ ፎቅ የግንባታ ጥሰትን ለማስታረቅ በወጣው በ2023ቱ ሕግ ቁጥር 187 መሠረት ጉዳዩ አልቆ እንደሆነ ማስረጃው ይጠየቃል። የነዋሪዎች ማኅበር ዕዳም አይረሳ፤ የአሳንሰሩና የውኃ መሳቢያው ወጪ ከአዲሱ ባለቤት ይጠበቃልና።

ኢትዮጵያዊም ሆነ ሌላ የውጭ ዜጋ ከሆነ የ1996ቱን ሕግ ቁጥር 230 ማወቅ ይኖርበታል። ሕጉ የውጭ ዜጋ ለመኖሪያ የሚሆን ንብረት እንዲገዛ ይፈቅዳል፤ የአንዱም ስፋት ከ4,000 ካሬ ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል። በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ ንብረት አይፈቀድም። ይህ ቅርስ በበዛበት በኦልድ ካይሮ ትርጉም ያለው ክልከላ ነው። የተገዛውን ንብረት እንደ ደንቡ ከአምስት ዓመት በፊት መልሶ መሸጥም አይቻልም። መንግሥት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ገደቦችን ስላላላ፣ ገዢው በሚዋዋልበት ቀን የሚሠራበትን ደንብ በጠበቃ ማረጋገጥ አለበት።

ከሰነዱ ቀጥሎ መንገዱ ራሱ ይመረመራል። ቤት ፈላጊ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ አይቶ፣ ወድዶ ይሄዳል። ያው መንገድ ማለዳ የተማሪ አውቶቡስ ሲሰለፍበት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በረመዳን ሌሊት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አዋሳኙ ቪላ ባዶ መሆኑ የሚያስደስት ቢመስልም፣ ባዶ ቪላ ነገ የሚፈርስ ቪላ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ከደላላው በላይ የሚያውቀው በሩ ላይ የሚቀመጠው በዋብ፣ ማለትም የሕንፃው ዘበኛ ነው። ማን እንደሚሸጥ፣ ማን እንደተጣላ፣ ውኃ በየትኛው ፎቅ እንደሚጠፋ ይነግራል። ከእርሱ ጋር አንድ ብርጭቆ ሻይ መጠጣት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የጋራው ነገር

በአዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህን ከራሱ ኑሮ ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከተዛወረ በኋላ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ገዢ የሚያገኘው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው። በግብፅ የአፓርታማ ባለቤት ሕንፃው ካረፈበት መሬት የጋራ ድርሻ አለው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪ አካል በሚወስነው እንዲሆን ስታደርግ፣ ግብፅ በተቃራኒው ለአሥርተ ዓመታት አስራው የኖረችውን ኪራይ እየፈታች ነው። አንዷ ወደ ቁጥጥር፣ ሌላዋ ወደ ነጻ ውል የሚሄዱ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን የሚፈልጉት ያው በባለቤትና በተከራይ መካከል ያለውን ሚዛን ነው።

ሁለቱን ከተሞች ከዚህ ይበልጥ የሚያመሳስላቸው ግን የጋራ ቦታው ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ሲታዘዙ፣ በካይሮም የነዋሪዎች ማኅበር በሕግ አለ። በሁለቱም ከተሞች ደረጃውን ማን ይጥረግ፣ ጣሪያውን ማን ይዝጋ፣ ሌሊት ማን ዝም ይበል የሚለው ጥያቄ ስብሰባ ይጠራል። ኢትዮጵያዊው ዕድር ለሐዘን የተቋቋመ ቢሆንም ሰፈርን አስተሳስሮ ያቆየው በተግባር ነው። በዕድር የሚተዋወቅ ጎረቤት የሌላውን መስኮት አይጋርድም፤ ቢጋርድም ፊት ለፊት የሚነግረው ያገኛል። ካይሮ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ልማድ ወደ ሕንፃው ስብሰባ ይዞ ቢሄድ፣ ለራሱም ለጎረቤቱም ይጠቅማል።

ወደ ማር ጊርጊስ መተላለፊያ እንመለስ። ዝቅ ያሉት በሮች፣ ከፍ ያሉት መስኮቶች፣ እርስ በርስ እንዳይተያዩ በየፊናቸው የዞሩት መግቢያዎች፣ እያንዳንዳቸው ለጎረቤት የተሰጡ መልሶች ናቸው። ከ1,300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከመዲና የተላከው ደብዳቤም፣ ከምኩራቡ ጎተራ የተገኘው ውልም፣ የማዓዲ ኩባንያ ያስፈረመው ቃልም፣ የዛሬው አንቀጽ 819ም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እኔ ስሠራ ጎረቤቴ ምን ያጣል?

ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ቁልፉን ከመረከቡ በፊት በመንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ይራመድ። የአራቱን ወሰን ጎረቤቶች ስም ይጠይቅ፤ ሰላም ይበላቸው። በድሮው ውል ስማቸው ሳይጠራ ቤት አይሸጥም ነበር። ያ ልማድ ከወረቀቱ ቢጠፋም፣ ከገዢው ልብ እንዳይጠፋ ያስፈልጋል። ጸጥታውን ነገ አብረውት የሚጠብቁት እነዚያው ሰዎች ናቸውና።